በቅርጽ ላይ የተጻፈ አማርኛ ሲበላሽ፦ ችግሩና መፍትሄው

የተቆለፈ ሌየር (የሥዕል ንብርብር) እንደሌለና ፋይሉ በትክክል መቀመጡን አይታችኋል ብዬ ልነሳ። እዚህ ድሬዳዋ፣ በዲዛይንና በኅትመት ሥራ ላይ ደጋግሞ የሚያጋጥመን ችግር ከታች ከዘረዘርኳቸው የመጀመሪያው ነው። የቀሩት አልፎ አልፎ የሚመጡ ናቸው።

ምልክት፦ ኮረልድሮው በተባለው የዲዛይን ፕሮግራም ላይ ከቅርጹ አጠገብ የነበረው አማርኛ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ሆኗል፤ ወይም በተቃራኒው ሶማሊኛውና ኦሮምኛው ወደ ግዕዝ ተቀይሯል።

መንስኤው ከዩኒኮድ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር ከሚሰጠው ዓለም አቀፍ መለያ፣ በፊት የወጡት ፎንቶች ናቸው። እነዚህ ፎንቶች የግዕዙን ፊደል በላቲኑ ፊደል ቦታ ላይ ያስቀምጡታል። ኮምፒውተሩ የያዘው የላቲን ፊደል ነው፤ ፎንቱ ጭምብል አጥልቆለት አማርኛ ያስመስለዋል። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ጭምብሉ ይወልቃል። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1999 ነው፤ ዛሬም በአሮጌው ፎንት ደንበኛ የሚያስተናግድ ባለሙያ ምን ሰበብ እንዳለው አይገባኝም።

በእኛ ከተማ ነገሩ የሚብሰው አንድ ሰሌዳ ሦስት ቋንቋ ስለሚሸከም ነው። ሠራተኛው ሦስቱንም መስመር በአንድ ላይ መርጦ አሮጌውን ፎንት ይሰጠዋል። አማርኛው ያምራል፤ ሌሎቹ ሁለቱ ማንም የማያነበው የፊደል ክምር ይሆናሉ። አንድ የቢሮ አቅጣጫ ጠቋሚ እንዲሁ ታትሞ፣ ተለጥፎ፣ ስህተቱ የታወቀው ሶማሊኛ አንባቢ ባለጉዳይ ፊቱ ቆሞ ሲስቅ ነው። አታሚው «የተላከልኝን አተምኩ» አለ። ዓይን የለውም?

የሐረር ጀጎል ካርታ ደግሞ የባሰ ነበር። የአምስቱ በሮች ስም በቀስት ተመልክቷል፤ ደንበኛው ቤቱ ወስዶ ከፈተው። በቀደሙት የኮረልድሮው ስሪቶች ፎንት ሲጠፋ የመተኪያ ሳጥን ይወጣል፤ እሱ ሳያነብ ቋሚውን ምትክ መርጦ አስቀመጠው። በድሪ በሪ የቱ፣ አርጎ በሪ የቱ እንደሆነ ከፋይሉ ማወቅ አልተቻለም። ያንን ሳጥን ሳታነቡ አትለፉት። የጠፋውን ፎንት ስም መጀመሪያ ወረቀት ላይ ጻፉ!

መፍትሄ፦ ያን ፎንት አግኝታችሁ ጫኑና ጽሑፉን አንብቡት፤ ከዚያ በዩኒኮድ ኪቦርድ፣ ኒያላ ወይም አቢሲኒካ በተባለው የዩኒኮድ ፎንት እንደገና ጻፉት። የቅርጽ መግለጫ ሁለት ሦስት ቃል ነው፤ ከመቀየሪያ ፕሮግራም ጋር ከመታገል መጻፉ ይቀላል። ላቲኑን መስመር ለብቻው አድርጉ። ወደ ማተሚያ ቤት ከመላካችሁ በፊት ቅጂ አውጡና ቅጂውን ብቻ በኮንትሮልና ኪው ወደ ከርቭ፣ ማለትም ፎንት ወደማይፈልግ የመስመር ቅርጽ፣ ቀይሩት። ዋናውን ፋይል ከርቭ አድርጎ የሚያስቀምጥ ሰው አንድ ፊደል ለማረም ሥራውን ከዜሮ ይጀምራል። ቅጂ! ቅጂ!

ምልክት፦ አውቶካድ በተባለው የሕንፃ መሳያ ፕሮግራም በተሠራ ፕላን ላይ «ሳሎን»፣ «ወጥ ቤት» የተባለው ሁሉ የጥያቄ ምልክት ሆኗል።

የጽሑፍ ስታይሉ የኤስኤችኤክስ (SHX) ፎንት፣ ማለትም የአውቶካድን የራሱን የፎንት ዓይነት፣ ይዟል፤ እሱ ግዕዝ አያውቅም። ፕሮፐርቲስ ውስጥ አማርኛው በትክክል ከታየ አልጠፋም፤ ስታይሉን ወደ ኒያላ ቀይሩት። አንዳንዱ ጽሑፍ አልቀየርም ካለ በውስጡ የራሱ ፎንት ተሰጥቶታል፤ ፎርማቱን አጽዱለት። ዊንዶውስ 10 ላይ ኒያላን ካጣችሁት እንደ ተጨማሪ ፊቸር የሚጫን ስለሆነ ከሴቲንግ አውርዱት።

እዚያው አውቶካድ ላይ ጽሑፉ በመስታወት እንደታየ ከተገለበጠ MIRRTEXT የሚባለውን ቅንብር 0 አድርጉና እንደገና ሚረር አድርጉ። ፕላኑ በሚሊሜትር ተስሎ በ1፡100 ሲታተም ጽሑፉ ጉንዳን ካከለ ቁመቱን 250 አድርጉት፤ ወረቀት ላይ 2.5 ሚሊሜትር ይወጣል። ኮረልድሮው ላይ ቅርጹ ሲንቀሳቀስ ጽሑፉ ከቀረ በኮንትሮልና ጂ አስተሳስሯቸው። ትንንሽ ፊደል ላይ አውትላይን አትጨምሩ፤ «ጧ» እና «ዷ» ተደፍነው ጥቁር ነጥብ ይሆናሉ፤ ይህን ደግሞ ስክሪኑ ሳይሆን የታተመው ባነር ነው የሚነግራችሁ።