ጀሪካኑ ማታ ማታ ለምን ይታፈናል? የቤት ዕቃ ድራም ችግርና መፍትሄ

ስልኬ የሚጮኸው ብዙውን ጊዜ ቅዳሜ ማታ ነው። ከኋላ እልልታ ይሰማል፣ ጄኔሬተር ይሰማል፣ ከዚያ የአንድ የተጨነቀ ልጅ ድምፅ፦ «ጋሼ፣ ጀሪካኑ ሞተብን!»

ጅማ ውስጥ ድራም የመግዛት አቅም የሌላቸው ትንንሽ ባንዶች አሉ። አንድ ኪቦርድ፣ አንድ ዘፋኝ፣ ሁለት አጨብጫቢ፣ ከዚያ ጀሪካን፣ የቀለም ባልዲ፣ በርሜልና የድስት ክዳን። በደንብ ከተያዘ ለሰርግ የሚበቃ ድምፅ ነው። ችክችካውን አሳምሮ ያወጣዋል። እኔ እነዚህን ዕቃዎች ስሰበስብ፣ ስጠግን፣ አንዳንዴም በንዴት ስወረውር ዓመታት ቆይቻለሁ። ስንጥቅ መኖር አለመኖሩን፣ ውስጡ ውሃ መቅረት አለመቅረቱን አይታችኋል ብዬ ነው የምጀምረው። እሱን ሳያዩ የሚደውሉ አሉ። አላነሳም።

ቀን ይጮሃል፣ ማታ ይታፈናል

ምልክቱ ሁሌም አንድ ነው። ከሰዓት ሳውንድ ቼክ ላይ ቢጫው 20 ሊትር ጀሪካን «ዱም» ይል ነበር። ማታ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ያው ጀሪካን፣ በዚያው እጅ፣ «ጠፍ» ይላል። እርጥብ ካርቶን የመታችሁ ነው የሚመስለው። ድራመሩ ጉልበት ይጨምራል። ላብ እንጂ ድምፅ አይጨምርም።

ምክንያቱ ክዳኑ ነው። አዎ፣ ያቺ ትንሽ ክዳን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጀሪካኑ ከሰዓት ፀሐይ ላይ ይቆያል። ውስጡ ያለው አየር ይሞቃል፣ ይለጠጣል፣ ትርፉ በአፉ ይወጣል። አንዱ ይመጣና ክዳኑን ጥርቅም አድርጎ ይዘጋዋል። ማታ ብርዱ ሲመጣ ውስጥ የቀረው አየር ይኮማተራል። ሂሳቡ ከባድ አይደለም። ሲዘጋ 35 ዲግሪ የነበረ አየር ማታ 15 ዲግሪ ከደረሰ፣ ከ20 ሊትሩ 1.3 ሊትር ያህል ይጎድላል። ከውጭ አየር አይገባም፤ ዘግታችሁታላ! ስለዚህ ጎኑ ወደ ውስጥ ይሳባል። የምትመቱት ደግሞ ያንኑ ጎን ነው። ወደ ውስጥ የተሳበ ጎን እንደ ልቡ አይርገበገብም።

ይሄን ነገር ልብ ሳትሉት አይታችሁታል። ከአዲስ አበባ በመኪና ስትመጡ ሃይላንድ ጠጥታችሁ ባዶውን ትከድናላችሁ። ጊቤ በረሃ ስትወርዱ ፕላስቲኩ ራሱን በራሱ ይጨማደዳል። እዚያ ሥራውን የሚሠራው ብርድ ሳይሆን የከፍታው ለውጥ ነው፤ መጨረሻው ግን ያው ነው። ጅማ ራሷ ከአዲስ አበባ ወደ 600 ሜትር ገደማ ዝቅ ትላለች። ከመርካቶ የተገዛ ጀሪካን ተከድኖ አውቶብስ ላይ ከተጫነ እዚህ ሲደርስ ሰርጉዶ ነው። ሻጩን አትራገሙ። ክፈቱት።

አንድ ጊዜ በሰቃ መንገድ፣ ከከተማ ወጣ ብሎ፣ ሰርግ ላይ ተጠራሁ። በሰው ሞተር ተፈናጥጬ ስደርስ ልጆቹ ሦስት ጊዜ ስቲክ ቀይረዋል። ማይኩን ከፊት ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ጎን አዙረዋል። ሳውንድ ሲስተም ያከራያቸውን ሰውዬ «ሆን ብለህ ቀንሰኸዋል» ብለው ሊደባደቡ ምንም አልቀራቸውም። እኔ ማይኩንም ሰውዬውንም አላየሁም። ጀሪካኑን በመዳፌ ዳሰስኩት። ጎኑ ጥርሱ እንደረገፈ ሽማግሌ ጉንጭ ገብቷል። ክዳኑን ፈታሁት። «ፍስስስ» አለ፤ ከዚያ «ጓ!» ብሎ ጎኑ ወደ ቦታው ተመለሰ። አጠገባችን ብርጭቆ በትሪ ይዛ የምታልፍ ልጅ ደንግጣ ሁለቱን ጣለች። የሙሽራው እናት ከድንኳኑ ብቅ ብለው «ምን ፈነዳ?» አሉ።

ድራመሩን «ለምን ዘጋኸው?» አልኩት።

«ጋሼ፣ ክዳኑ እንዳይጠፋ ብዬ እኮ ነው።»

ሁሉም የሚሉት ይሄንኑ ነው። ክዳን እንዳይጠፋ ከተፈለገ በሲባጎ መያዣው ላይ ይታሰራል። ሲባጎ ስንት ነው?

ሌላውን ብቻ እየወቀስኩ እንዳይመስል የራሴንም ልናገር። ነገሩ ሳይገባኝ በፊት አንድ ወፍራም፣ የድሮ የዘይት ጀሪካን ነበረኝ። አንድ ማታ ታፈነብኝ። «ሥሩ ተሰንጥቋል» ብዬ በመጋዝ ለሁለት ቆረጥኩት። ስንጥቅ ፈለግኩ፤ የለም። አሁን ግማሹ ጓሮ ነው፣ ጤና አዳም በቅሎበታል። ያንን የመሰለ ጀሪካን ከዚያ ወዲህ አላገኘሁም።

ወደ መፍትሄው። ጀሪካኑን ክዳኑን ከፍታችሁ ጥላ ውስጥ አስቀምጡት። ጎኑ በራሱ ካልተመለሰ በአፉ ንፉበት። እምቢ ካለ እጅ የሚችለው ለብ ያለ ውሃ እስከ ግማሽ ሙሉበት፣ ነቅነቅ አድርጉት፣ አምስት ደቂቃ ቆዩ፣ ድፉት፣ ከዚያ ንፉበት። የፈላ ውሃ አይደለም ያልኩት። የፈላ ውሃ ፕላስቲኩን ያለሰልሰውና ጎኑ ተጣሞ ይቀራል። አንዴ ከተጣመመ ውሃ ይቀዳበት እንጂ አይመታም።

ከዚያ ድምፁን ምረጡ። አፉ ክፍት ሲሆን ወፈር ያለና ዝቅ ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ለቤዝ ይሆናል። ሲዘጋ ጠበቅና ቀጠን ይላል። መዝጋት ከፈለጋችሁ የምትጫወቱበት ቦታ ደርሳችሁ፣ ጀሪካኑ የቦታውን ሙቀት ከያዘ በኋላ ዝጉት። ድንኳኑ ሰው ሲሞላ ይሞቃል፤ ያኔ ጎኑ ይወጠርና ድምፁ ይቀጥናል። በሁለት ዘፈን መሀል ክዳኑን ለአፍታ ከፍታችሁ መዝጋት ይበቃል።

እሳት ነገር እዚህ ላይ ይነሳል። ከበሮ እየመታ ያደገ ልጅ ጀሪካኑን ከሰል ላይ ሲያሞቅ ደርሼበት አውቃለሁ። አልፈርድበትም። የከበሮ ቆዳ እርጥበት ሲገባው ይላላል፣ ሲሞቅ ይደርቅና ይወጠራል። እንደ ጅማ ዝናብ በማይጠፋበት አገር ከበሮ ማሞቅ ልማድ ነው። ፕላስቲክ ግን ቆዳ አይደለም። ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ሲብስ ይቀልጣል። የልጁ ጀሪካን ሥሩ እንደ ማስቲካ ተስቦ ነበር።

ደግሞ፣ ደግሞ፣ ደግሞ፦ ቤንዚን የነበረበትን ጀሪካን ድራም አታድርጉ። «አጥቤዋለሁ» አትበሉኝ። ባዶ የቤንዚን ዕቃ ውስጡ የሚቀረው ትነት ነው፤ ፈንድቶ የሚገድለውም እሱ ነው። ድንኳን ውስጥ ከሰል አለ፣ ሲጋራ አለ፣ ሻማ አለ። የፀረ ተባይ መድኃኒት የነበረበትንም አትንኩት፤ በአፋችሁ የምትነፉበት ዕቃ ነው። ናፍታ የነበረበትንም ተዉት።

ስስ ጀሪካን

አሁን አሁን ገበያ የሚወጣው ስስ ጀሪካን ያናድደኛል። ከርቀት ያው ቢጫ ነው። ሒርማታ ገበያ ስትገዙ በአውራ ጣታችሁ ጎኑን ጫን በሉት። ገብቶ ቶሎ ካልተመለሰ አስቀምጡና ሂዱ። ሥሩን ገልብጡ፤ ሦስት ማዕዘን ውስጥ 2 ቁጥር ካለው ጠንካራው የፖሊኢትሊን ዓይነት ነው። ቁጥሩ ግን ውፍረቱን አይነግራችሁም። ጣታችሁን እመኑ። አሮጌ ከሆነ በጥፍር ፋቁት። ቢጫው ነጣ ብሎ ዱቄት ከወጣው ፀሐይ በልቶታል፤ ሁለት ዘፈን ሳይደርስ ይሰነጠቃል።

በመገጣጠሚያው መስመር ላይ የሚሰነጠቅ ከሆነ ጥፋቱ የስቲኩ ነው። እዚህ ልጆች ከተገረዘ ቡና የወጣ ቀጥ ያለ እንጨት ልጠው ስቲክ ያደርጋሉ። ጥሩ እንጨት ነው፣ ጠንካራ ነው። ለፕላስቲክ ግን ከመጠን በላይ ጠንካራ ነው። ጫፉን በካላማዳሪ፣ ማለት በጎማው የውስጥ ላስቲክ፣ ሁለት ዙር ጠቅልላችሁ በክር እሰሩት። መሀሉን ምቱ፣ መስመሩን አትምቱ።

የቀለም ባልዲው «ጣ» አይልም

ስኔር፣ ማለት ጥርት ብሎ «ጣ» የሚለው ትንሹ ድራም፣ ይሆናል ብላችሁ ደፍታችሁታል፣ ግን ድምፁ ከሥር የታፈነ ነው። መሬት ላይ ጥብቅ ብሎ ስለተቀመጠ አየሩ መውጫ የለውም። አንዱን ጠርዝ በጫማችሁ ጫፍ ጥቂት ከፍ አድርጉት፤ ወዲያው ይከፈታል። እግር ሲደክም ከሥሩ የጠርሙስ ቆርኪ የሚያህል ነገር በሦስት ቦታ ሸጉጡ። የሽቦ መያዣውን ንቀሉ። ሳትነቅሉት «የሆነ ነገር ይንጫጫል» ብሎ መደወል ነውር ነው። ውስጡ የደረቀ ቀለም ካለ በደንብ ፍቁት፤ ሲመታ እየረገፈ ዓይን ውስጥ ይገባል።

በርሜል

ችግሩ ማነስ ሳይሆን መብዛት ነው። 200 ሊትር በርሜል አንዴ ከተመታ ዘፋኙ ሁለት ስንኝ እስኪዘፍን ይጮሃል። አሮጌ ብርድ ልብስ አጣጥፋችሁ ውስጡ ጣሉ፤ ሥሩን በትንሹ ይንካ። ትሪኒዳዶች ከእንዲህ ያለ በርሜል ዜማ የሚጫወት መሣሪያ አውጥተዋል፣ ግን እነሱ ፊቱን በመዶሻ ቀጥቅጠው፣ ኖታ በኖታ አስተካክለው ነው። የእኛ በርሜል በርሜል ነው። የተቆረጠ ጠርዝ ካለው በካላማዳሪ ሸፍኑት። እኔ ግራ እጄ ላይ ጠባሳ አለኝ።

የድስት ክዳን አይጮህም

አጥብቃችሁ ስላሰራችሁት ነው። ክዳኑ የሲምባልን፣ ማለት የድራሙን የብረት ሳህን፣ ቦታ ነው የያዘው፤ ሲምባል ደግሞ መወዛወዝ አለበት። ከእጀታው በወፍራም ክር አንጠልጥሉት፣ ወይም በቀዳዳው ብሎን ካስገባችሁ ከላይም ከታችም የጨርቅ ቁራጭ አድርጉና ብሎኑን ላላ አድርጋችሁ ተዉት። ወፍራሙ የአሉሚኒየም ክዳን ምንም ብታደርጉት ደረቅ ነው። የማይዝገው የብረት ክዳን ይሻላል። የኢናሜል ትሪ አትጠቀሙ፤ ሽፋኑ እየፈነጠረ እንደ መስታወት ይቆርጣል።

የቀሩት

ከበሮ እንዲሆን ሳፋ ላይ የተወጠረው ላስቲክ ይላላል፦ ፊት ለፊት ያሉትን ማሰሪያዎች ጥንድ ጥንድ አድርጋችሁ አጥብቁ እንጂ በዙር አትሂዱ።

የኮምፔንሳቶ ሣጥን ይንጫጫል፦ ክረምት ነው፣ ኮምፔንሳቶው እርጥበት ስቦ ተልጧል፤ በደረቅ ቀን ኮላ ቀብታችሁ አጥብቃችሁ እሰሩት።

ማይኩ ያፏጫል፦ ከስፒከሩ ፊት ለፊት አስቀምጣችሁታል።

ጀሪካን ውስጥ የሆነ ነገር ይንኳኳል፦ የክዳኑ ቀለበት ነው፤ ገልብጣችሁ አውጡት።

የድስት ክዳኑን ባለቤት ስምም ከውስጥ በማርከር ጻፉበት። እኔ ቤት ማን እንዳዋሰው የማይታወቅ ሰባት የድስት ክዳን አለ። ከመካከላቸው አንዱ የእትዬ ነው ተብሎ ቅዳሜ ሊወሰድ ነው።