የውጭ ድመት ደጃችሁ ስትወልድ፦ ግልገሎቹን እንዴት አሳድጎ ቤት ማግኘት ይቻላል

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም በገባሁ በሁለተኛው ዓመት አንዲት ግራጫ ድመት ደረጃ ሥር ወለደች። አንዱ ጎረቤት የጣለው አሮጌ ቁም ሳጥን ነበር፤ መሳቢያው ውስጥ አራት ግልገሎች። ጠዋት ሳያቸው እናትየው የለችም። ከሰዓትም የለችም። «ጥላቸው ሄዳለች» ብዬ በነጠላ ጠቅልዬ ቤት አስገባኋቸው። የላም ወተት አሙቄ በሻይ ማንኪያ አፋቸው ውስጥ አንጠባጠብኩ። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ እናትየው ባዶው መሳቢያ ጋ ቆማ ስትጮህ ሰማሁ። ሦስቱን መለስኩላት። አንዷን ግን ወተቱ ትን ብሏት ነበርና አላደረችም።

ለካ እናትየው ምግብ ፍለጋ ነበር የወጣችው። ከዚያ ወዲህ በብሎካችን ሁለት ወላድ ድመቶች ጨምሬ አይቻለሁ። ከታች ያለው ከስህተቴ የተማርኩት ነው፤ የእንስሳት ሐኪም ያረመኝም አለበት።

1. መጀመሪያ እጃችሁን ሰብስቡ

ግልገሎቹ ንጹሕ ከሆኑ፣ ሆዳቸው ሞላ ካለና ተደራርበው ከተኙ እናት አለቻቸው። የተራበ ግልገል ያለቅሳል፣ እየተሳበ ይበታተናል። ሲነኩት የሚቀዘቅዝና የዛለ ከሆነ ግን ጊዜ አትስጡት፤ ቀጥታ ወደ 4ኛው ሂዱ።

እናትየው መመለሷን ለማየት አጠገባቸው አትቁሙ፤ እናንተ እያላችሁ አትመጣም። ቀላል ዘዴ አለ። በጎጇቸው ዙሪያ አንድ እፍኝ ዱቄት በስሱ ነስንሱና ሂዱ። ከአራት አምስት ሰዓት በኋላ የእግር ዱካ ካለ መጥታ ነበር። (የስንዴ ዱቄት ይሁን። እኔ ሽሮ ነስንሼ የጎረቤት መሳቂያ ሆኛለሁ።)

«ሰው ከነካቸው እናትየው ትበላቸዋለች» ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው። የሰው ሽታ ብቻውን ልጆቿን አያስጥላትም። የሚያስጨንቃት ምልልሱ ነው። በየአሥር ደቂቃው ሰው ሲያይባት ማጅራታቸውን እየያዘች አንድ በአንድ ሌላ ቦታ ትወስዳቸዋለች፤ ያኔ ፈልጋችሁም አታገኟቸውም። የሠፈሩን ልጆች በቁጣ ማባረር ደግሞ አይሠራም። እኔ አንዷን የስምንት ዓመት ልጅ «የድመቷ ጠባቂ» ብዬ ሾምኳት። ከዚያ ወዲያ እኔንም ማስጠጋት ተወች።

ቦታው ጎርፍ የሚገባበት፣ መኪና የሚቆምበት ወይም ማታ ማታ ውሾች የሚሰበሰቡበት ከሆነ ብቻ አንሷቸው። ያኔም ሩቅ አትውሰዷቸው። ጥቂት ሜትር ፈቀቅ አድርጉና እናትየው ድምፃቸውን ሰምታ እንድትመጣ ተዉአት።

2. እናትየውን አብሉ

አንድ ነገር ብቻ ማድረግ ከቻላችሁ ይህን አድርጉ። የምታጠባ ድመት ከወትሮዋ ሁለትና ሦስት እጥፍ ትበላለች። እሷ ከጠገበች ወተቱንም፣ ሙቀቱንም፣ ጽዳቱንም ራሷ ትጨርሰዋለች። ሩቅ ሄዳ ገንዳ ስለማትጭርም ከልጆቿ ብዙ አትለይም።

ከሥጋ ቤት ሳንባ በርካሽ ይገኛል። ቀቅሉት፣ በትንንሹ ክተፉት፣ መረቁንም ጨምሩላት። ጉበት በሳምንት አንዴ ትንሽ ይበቃል። የተቀቀለ እንቁላል ግሩም ነው። እንጀራ በወጥ ግን ተዉት። ወጣችን ያለ ሽንኩርት አይሠራም፤ ቀይ ሽንኩርትም ሆነ ነጭ ሽንኩርት ደግሞ የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል። የተቀቀለ የዶሮ አጥንትም እየተሰነጠቀ ስለሚወጋ አትስጧት። ንጹሕ ውሃ ሁልጊዜ ይኑር። ወተት የሚሠራው ከውሃ ነው።

ችግሩ ሁዳዴ ሲመጣ ነው። 55 ቀን ሙሉ ገንዳው ውስጥ የሽሮና የምስር ትራፊ እንጂ ሌላ የለም፤ የሠፈሩ ሥጋ ቤትም ይዘጋል። ግራጫዋ የወለደችው መጋቢት ላይ ስለነበር ይህን በደንብ አይቼዋለሁ፤ የጎድን አጥንቷ ይቆጠር ነበር። አሁን በቅበላ ሰሞን ሳንባ ገዝቼ፣ ቀቅዬ፣ በትንንሽ ፌስታል ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጣለሁ። ሲያልቅ እንቁላል አለ። ሰርዲንም ይሆናል፤ ዘይቱን አፍስሱና ዓሣውን በውሃ አለቅልቁት። ከላይ ያሉትን ጎረቤቴን እማማን ተራ እንግባ ብላቸው «እኔ እየጾምኩ ለድመት እንቁላል ልቀቅል?» ብለው በሩን ዘጉብኝ። በማግስቱ ደረጃው ሥር የተላጠ እንቁላል፣ ለሁለት ተከፍሎ፣ የሲኒ ማስቀመጫ ላይ ተቀምጦ አገኘሁ።

ምግቡን ከግልገሎቹ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ሽታው ውሻና ሌላ ድመት ይጠራል። በተወሰነ ሰዓት ስጧት፤ የተረፈውን አንሱ።

3. ካርቶን አዘጋጁላት

የቴሌቪዥን ወይም የዘይት ካርቶን በአንድ ጎኑ ዝቅ አድርጋችሁ ቅደዱ፤ እናትየው እንድትገባ፣ ግልገሎቹ ግን ተንከባለው እንዳይወጡ። ሲሚንቶ ላይ በቀጥታ አታስቀምጡት። ከሥሩ ጣውላ ወይም የታጠፈ ማዳበሪያ አድርጉ። ውስጡ ጋዜጣ፣ ከላዩ ያረጀ ሹራብ። ክሩ የተመዘዘ ፎጣ ጥፍራቸውን ይይዛል።

ግልገል እስከ አራተኛው ሳምንት ገደማ የራሱን ሙቀት በደንብ መጠበቅ አይችልም። ሕዳርና ታኅሣሥ ላይ ደግሞ የእኛ ዳርቻ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ሃይላንድ ውስጥ ሙቅ ውሃ ሞልታችሁ፣ ክዳኑን አጥብቃችሁ፣ ካልሲ አልብሳችሁ በካርቶኑ አንድ ጥግ አስቀምጡ። በአንድ ጥግ ብቻ፤ ሲሞቃቸው የሚሸሹበት ይፈልጋሉ። መብራት ቢጠፋም ይሠራል። የከሰል ምድጃ በተዘጋ ክፍል ማስገባት ግን ግልገሎቹንም እናንተንም ይገድላል።

4. እናትየው በእርግጥ ካልመጣች

መጀመሪያ ማሞቅ፣ ከዚያ ማብላት። ቅደም ተከተሉ አይገለበጥ። የቀዘቀዘ ግልገል ወተት መፍጨት አይችልም። ልብሳችሁ ውስጥ ደረታችሁ ላይ አስተኙትና ሙሉ በሙሉ እስኪሞቅ ጠብቁ።

ቀጥሎ ሌላ የምታጠባ ድመት ሠፈር ውስጥ ካለች አጠያይቁ። ብዙዎቹ ባዳ ልጅ ይቀበላሉ። ከሁሉም የሚቀለው ይህ ነው።

ከሌለች ለድመት ግልገል የሚዘጋጅ የዱቄት ወተት ከእንስሳት መድኃኒት ቤት ፈልጉ። የላም ወተት ብቻውን ያስቀምጣቸዋል፤ ተቅማጥ ደግሞ በአንድ ቀን ይጨርሳቸዋል። የዱቄቱ ወተት እስኪገኝ፣ ለአንድ ሁለት ቀን ብቻ፣ አንድ ብርጭቆ ያልቀጠነ የተፈላ ወተት ከ2 የእንቁላል አስኳልና ከ1 የሻይ ማንኪያ ዘይት ጋር መትታችሁ መጠቀም ይቻላል። ማንኪያ አይሁን። መርፌ የሌለው ትንሽ ሲሪንጅ ከማንኛውም ፋርማሲ ግዙ።

ግልገሉን እንደ ሕፃን በጀርባው አታስተኙት። የእኔዋን የገደላት ይህ ነው። በሆዱ፣ እናቱን እንደሚጠባ፣ አንገቱን ትንሽ ቀና አድርጎ። ጠብታ በጠብታ፣ እሱ ሲስብ ብቻ። ለ100 ግራም ክብደት በአንዴ ከ4 ሚሊ ሊትር አይለፍ። በመጀመሪያው ሳምንት በየሁለት ሦስት ሰዓቱ ነው፣ ሌሊቱንም ጨምሮ።

ሰው የሚረሳው ሌላ ነገር አለ። እስከ ሦስት ሳምንት ግልገል ብቻውን መሽናት አይችልም። እናት የምትልሰው ለዚህም ነው። ከእያንዳንዱ ምግብ በኋላ በሞቀ ውሃ በተነከረ ጥጥ ከጭራው ሥር ቀስ እያላችሁ ጥረጉት፤ እስኪሸና ድረስ።

5. ክብደት፣ ቁንጫ፣ መድኃኒት

አዲስ የተወለደ ግልገል 100 ግራም አካባቢ ይመዝናል፤ በቀን ከ10 እስከ 15 ግራም መጨመር አለበት። የወጥ ቤት ሚዛን ከሌላችሁ የሱቁ የስኳር ሚዛን ይሠራል፤ ባለ ሱቁ ካልከፋው። ለሁለት ቀን ክብደቱ ካልጨመረ ሐኪም ይየው።

ቁንጫ እንደ ቀላል አይታይ። በትንሽ ግልገል ላይ ከበዛ ደሙን መጥጦ ይገድለዋል። የቅማል ማበጠሪያ ሳሙናማ ውሃ ውስጥ እየነከራችሁ አበጥሩ። ለትኋን የሚረጨውን፣ ወይም «ለውሻ ነው፣ ለድመትም ይሆናል» ብለው የሚሸጡላችሁን አትንኩ። ብዙ የውሻ ቁንጫ መድኃኒት ውስጥ ያለው ፐርሜትሪን ድመትን ያንቀጠቅጣል፣ ይገድላል። ፓራሲታሞልም እንዲሁ፤ አንድ ፍሬ ለድመት ሞት ነው። የሆድ ትል መድኃኒት ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ይሰጣል፤ መጠኑን በክብደታቸው ሐኪም ይወስን።

ነፍሰ ጡር ሴት የድመት ዓይነ ምድር አታጽዳ። ማንም ሰው ቢነከስ ወይም ቢቧጨር ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይጠብና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ። የእብድ ውሻ በሽታ በድመትም ይተላለፋል፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል።

6. ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ

ዓይናቸው ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ይከፈታል። በሦስተኛው መራመድ ይጀምራሉ። አሁን እጃችሁን መሰብሰብ ይበቃል። ከሁለት እስከ ሰባት ሳምንት ባለው ጊዜ ሰው ያልለመደ ድመት በኋላ ማላመዱ ጭንቅ ነው። በየቀኑ እየተቀመጣችሁ አንድ በአንድ ዳብሷቸው። ልጆቹም በዚህ ጊዜ ይምጡ፤ ጠባቂዋ ከፈቀደች።

በአራተኛው ሳምንት ሳንባውን በጣም አልማችሁ በመረቅ አቅጥናችሁ ስጧቸው። መጀመሪያ ይረግጡታል፣ ፊታቸውን ይቀቡታል፣ ከዚያ ይልሱታል። ለመጸዳጃ ከአፉ ዝቅ ተደርጎ የተቆረጠ ጀሪካን ውስጥ አሸዋ በቂ ነው። የሚገነባ ቤት የሌለበት ሠፈር ስለሌለን አሸዋ አይቸግርም። ሰጋቱራም ይሆናል። ከበሉ በኋላ እዚያ አስቀምጧቸው፤ ሁለት ቀን አይፈጅባቸውም።

7. ቤት መፈለግ

በአምስተኛው ሳምንት ማፈላለግ ጀምሩ፤ ከስምንተኛው በፊት ግን አትስጡ። ያለ ጊዜው ከእናቱና ከወንድሞቹ የተለየ ግልገል ንክሻውን መመጠን አይማርም፤ በኋላ የቤቱን ሰው ይነክሳል።

«ወንድ ነው ሴት?» የመጀመሪያው ጥያቄ ነው፣ ተዘጋጁ። ጭራውን አንሱ። ወንድ ላይ ሁለቱ ቀዳዳዎች እንደ ሁለት ነጥብ «፡» ተራርቀው ይታያሉ። ሴት ላይ ነጥቡና ከሥሩ ያለው አጭር መስመር ይጠጋጋሉ። ቢጫ ከሆነ ብዙ ጊዜ ወንድ ነው። ባለ ሦስት ቀለም ደግሞ ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ሴት ናት።

በብሎኩ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ በቀን ብርሃን የተነሳ ፎቶ፣ ለእያንዳንዱ አንድ አንድ፣ ለጥፉ። የእኔ ጽሑፍ እንዲህ ነበር፦ «ሁለት ወር የሚሞላቸው፣ አሸዋ የለመዱ፣ የትል መድኃኒት የወሰዱ ሁለት ወንድና አንድ ሴት ግልገሎች። በነጻ። ከመስጠታችን በፊት ጥያቄ አለን።» የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ግማሹን ሰው ታስቀራለች። እሱ ነው የተፈለገው።

ጥያቄዎቹ ብዙ አይደሉም። የአይጥ መርዝ ትጠቀማላችሁ? ወፍጮ ቤትና እህል መደብር ድመት ከሁሉም በላይ ይፈልጋሉ፣ መርዝም ከሁሉም በላይ ያስቀምጣሉ፤ መርዝ የበላ አይጥ የበላች ድመት ደግሞ አብራ ትሄዳለች። ምን ልታበሏት ነው? «አይጥ አለ እኮ» ካሉ ስልኩን በትሕትና ዝጉ። አይጥ መያዝ ዓመሏ ነው፤ ጠግባም ትይዛለች። ተከራይ ከሆናችሁ አከራዩ ያውቃል? ከተመለሱልኝ ግልገሎች አንዱ በዚህ የተመለሰ ነው። በገመድ አስራችሁ ነው የምታስቀምጡት? አዎ ካሉ አልሰጥም።

ስትወስዱት ቀዳዳ ያለው ካርቶን ወይም አፉ በሻሽ የታሰረ ዘንቢል ይበቃል። (አንድ የታክሲ ረዳት የሁለት ሰው አስከፍሎኛል።) ከተኙበት ጨርቅ ቁራጭ አብራችሁ ስጡ። አዲሶቹ ባለቤቶች ለሁለት ሦስት ሳምንት ወደ ውጭ እንዳያስወጡት ንገሯቸው። ሦስት ወር ሲሞላው የእብድ ውሻ ክትባት እንደሚያስፈልገውም ጭምር። በሦስተኛው ቀን «ሌሊት ይጮሃል፣ አልቻልንም» ብለው ሊደውሉ ይችላሉ። ሳትቆጡ ተቀበሉ። የተቆጣችሁት ሰው ቀጣዩን መንገድ ላይ ይጥለዋል።

8. እናትየዋ

ድመት እያጠባች እንደገና ልታረግዝ ትችላለች፤ እርግዝናዋም ሁለት ወር ከጥቂት ቀን ብቻ ነው። ግልገሎቹ ጡት እንደተዉ ካላመከናችኋት ሥራው ሁሉ ከ1 ይጀምራል። አዲስ አበባ ውስጥ የግል የእንስሳት ክሊኒኮች ይህን ቀዶ ሕክምና ይሠራሉ። ለቱሉ ዲምቱና ለኮዬ ሰው ቢሾፍቱ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅም ሩቅ አይደለም። አስቀድማችሁ ደውሉ፣ ዋጋ አወዳድሩ። እኛ ከብሎኩ አዋጥተን ነው ያደረግነው፤ ግማሹን እማማ ከፈሉ።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ጥቂት ቀን ሞቅ ያለ ደረቅ ቦታ ዘግታችሁ አቆዩአት፤ ስፌቱን እንዳትልስ ተከታተሏት። ግራጫዋ ዕቃ ቤቴ ውስጥ ሰነበተችና ወደ ደረጃዋ ተመለሰች። የብሎካችን ጥበቃ «መነኮሰች» ይላታል። ምሳ ዕቃውን ግን ድንጋይ ሳይጭንበት የትም አይሄድም።