«ፒዲኤፉ ያላችሁ ላኩልኝ»፦ መጽሐፍ ስናጋራ የምንሠራቸው ስህተቶች

አንድ ደራሲ «አዲሱ መጽሐፌ ገበያ ላይ ዋለ» ብሎ ፌስቡክ ላይ ሲለጥፍ፣ ከሥር «ፒዲኤፉ ያላችሁ ላኩልኝ» የሚል አስተያየት አይጠፋም። እዚያው ደራሲው ገጽ ላይ! ጠያቂው ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ማንበብ ፈልጎ ነው። ነገሩን ከባድ የሚያደርገውም ይኸው ነው፤ መጽሐፍ የሚሰረቀው በአብዛኛው መጽሐፍ በሚወዱ ሰዎች እጅ ስለሆነ ማናችንም ራሳችንን ከሌባ አንቆጥርም። ደጋግሜ የማያቸውን ስህተቶች ልዘርዝር።

የመጀመሪያው ማዋስንና ማባዛትን አንድ አድርጎ ማየት ነው። «ድሮም እንዋዋስ ነበር» ይባላል። እውነት ነው፣ አንድ መጽሐፍ ሽፋኑ እስኪገነጠል ሰፈሩን ሁሉ ይዞር ነበር፤ በኪራይ የሚያስነብቡም ነበሩ። ግን የሚዞረው የተገዛ አንድ ቅጂ ነው። ጓደኛህ ጋ ካለ አንተ ጋ የለም። ቴሌግራም ላይ የተለቀቀ ፋይል ግን አንተም ጋ ይቀራል፣ በሺህ የሚቆጠር ሰውም ጋ ይደርሳል። ስለዚህ የወረቀት መጽሐፋችሁን ሳትሰስቱ አውሱ። (ካልተመለሰላችሁ ግን እኔ የለሁበትም።)

«ደራሲው ምን ይጎዳል? የሚጎዳው አሳታሚው ነው።» ይሄኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የአገራችን መጽሐፍ እንዴት እንደሚታተም አያውቅም። ብዙው ደራሲ አሳታሚው ራሱ ነው። ከደመወዙ ቆጥቦ ወይ ተበድሮ ለማተሚያ ቤት ይከፍላል። ወረቀቱም ቀለሙም በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ስለሆነ ዶላር በጨመረ ቁጥር የሕትመት ዋጋ ይጨምራል፤ በሐምሌ 2016 የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህማ መጽሐፍ ገዢ ሁሉ ሽፋኑ ላይ ባለው ዋጋ አይቶታል። ከዚያ አከፋፋይና ሻጭ ድርሻቸውን ያነሳሉ፣ የቀረውም ገንዘብ ብዙ ጊዜ የሚመጣው መጽሐፉ ከተሸጠ በኋላ ቀስ እያለ ነው። አንድ ሺህ ቅጂ ያሳተመ ሰው ትርፍ ከማሰቡ በፊት ወጪውን ለመመለስ ብቻ ብዙውን መሸጥ አለበት። እዚህ መሀል ላይ፣ መጽሐፉ በወጣ በሁለተኛው ሳምንት ስካኑ ሲለቀቅ አስቡት። የመጀመሪያው ዕትም ወጪውን ስላልመለሰ ሁለተኛ ዕትም የለም። መጽሐፉ ከገበያ ይጠፋል። ያኔ ያው ቻናል ብቅ ይልና «ገበያ ላይ ስለማይገኝ አቀረብንላችሁ» ይለናል።

ሌላው በአንድ ዓረፍተ ነገር ከኃላፊነት ለማምለጥ መሞከር ነው። «ለትምህርት ዓላማ ብቻ»፣ «ደራሲው ከተቃወመ እናነሳለን»። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራውን የማባዛትና የማሰራጨት መብት የደራሲው ነው ይላል። ፈቃድ የሚጠየቀው ከመለቀቁ በፊት ነው። አዋጁ ምንጭ ጠቅሶ መጥቀስን ይፈቅዳል፣ ለማስተማር በልኩ ለሚደረግ ቅጂም ቦታ አለው። ሙሉ ልብ ወለድ ስካን አድርጎ ለማያውቁት ሕዝብ መልቀቅ ግን የትኛውም ክፍል ውስጥ የሚሰጥ ትምህርት አይደለም።

«የሞተ ደራሲ መጽሐፍ ነፃ ነው» የሚለውም ስህተት ነው። በእኛ ሕግ መብቱ ደራሲው ካረፈ በኋላ 50 ዓመት ይቆያል፣ ለወራሾች። ሀዲስ አለማየሁ ያረፉት በ1996 ዓ.ም. ነው፤ ስለዚህ ሥራዎቻቸው እስከ 2046 ድረስ ባለቤት አላቸው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ግን በ1931 በስደት እንግሊዝ አገር ነው ያረፉት፣ ጊዜው ድሮ አልፏል። የእሳቸውን መጽሐፍ ስካን ማድረግ፣ እንደገና መተየብ፣ በነፃ ማሰራጨት ይቻላል። እንዲያውም ያን ሁሉ ጉልበት ባለፈው ወር የወጣ ልብ ወለድ ገጽ በገጽ ፎቶ በማንሳት የሚጨርሱ ልጆች ወደነዚህ መጻሕፍት ቢዞሩ ስንት ሥራ ይሠራ ነበር! አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ በአዲስ ዕትም ላይ የተጨመረ መግቢያና ማብራሪያ የጨማሪው ነው፤ ትርጉምም የተርጓሚው መብት አለበት።

የሳንሱርን ዘመን ምስክር አድርገው የሚጠሩም አሉ። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ወጥቶ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፣ ሰው ግን በድብቅ እያባዛ አነበበው። በዓሉ ራሱ በየካቲት 1976 የደረሰበት ጠፋ። ያኔ ያባዙት ሰዎች መንግሥት የነጠቀንን መጽሐፍ ነው ያባዙት፣ ለዚያውም ራሳቸውን ለአደጋ አጋልጠው። ዛሬ የምንሰርቀው መጽሐፍ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ተደርድሮ ገዢ እየጠበቀ ነው። ምን አገናኛቸው?

በየገጹ የቻናሉን ስም ማተምስ? በሰው ወርቅ አይደምቁ ይባል የለ። ደራሲው ሳንቲም ሳያገኝ ቻናሉ በእሱ ድካም ተከታይ ሰብስቦ የቁማር ማስታወቂያ ይሸጣል። «ንባብን ለማስፋፋት ነው» ሲሉ ትንሽ አያፍሩም።

አሁን ወደ ከባዱ። ጅዳ ወይም ቤይሩት ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ እህት የአማርኛ መጽሐፍ የምትገዛበት ሱቅ የላትም። አውሮፓ ላለውም የፖስታው ዋጋ ከመጽሐፉ ሊበልጥ ይችላል። ይህን የሚያቃልል ሰው ስደትን አያውቅም። እዚህ ላይ ስህተቱ ማንበቡ ሳይሆን ሌላ መንገድ አለመሞከሩ ነው። ለደራሲው በውስጥ መስመር ጻፉ፤ ሶፍት ኮፒውን ራሳቸው የሚሸጡ አሉ፣ አገር ቤት ያለ ዘመድ በቴሌብር ይከፍልላችኋል። የትረካ መጻሕፍት የሚሸጡ እንደ ተራኪ ያሉ መተግበሪያዎችም አሉ። ወደ አገር የሚመላለስ ሰው ሻንጣ ውስጥ ሁለት መጽሐፍ ቦታ አያጣም። ይሄ ሁሉ ካልሆነስ? የእኔ አቋም፦ አንብቡት፣ ለማንም አታስተላልፉት፣ ስትችሉ ደግሞ አንድ ቅጂ ገዝታችሁ አገር ቤት ላለ ሰው ስጡ። ይህን በማለቴ የሚቆጣ ደራሲ ይኖራል፣ መብቱ ነው።

የዓይነ ስውራን ጉዳይ ለብቻው ይታይ። በ2013 እ.ኤ.አ. የተፈረመውና ኢትዮጵያም የተቀበለችው የማራኬሽ ስምምነት፣ ማየት ለተሳናቸው መጻሕፍት በብሬል፣ በድምፅ ወይም በሌላ አመቺ መልክ እንዲዘጋጁ መንገድ የሚከፍት ነው። ግን ለእነሱ ማዘጋጀት ሌላ፣ «ለዓይነ ስውራን» ብሎ ለሁሉም መልቀቅ ሌላ።

በመጨረሻ፣ መብት እናስከብራለን የምንለውም እንሳሳታለን። የሰረቀውን ቻናል ስክሪንሾት አንስቶ «ይኸው ሌቦቹ!» ብሎ መለጠፍ ነፃ ማስታወቂያ መሥራት ነው፤ ያላወቀውም ሰው ስሙን አይቶ ይገባል። ሊንኩን በውስጥ ለደራሲው ላኩለት። ቴሌግራም የቅጂ መብት አቤቱታ ይቀበላል፣ አቤቱታውን ማቅረብ ያለበት ግን ባለመብቱ ወይም ወኪሉ ነው።