ሶሪያሲስ ላለባችሁ፣ ቅባቱን ቆዳው ሳይደርቅ ተቀቡ

አዳማ ያላችሁ ሶሪያሲስ (ቆዳ ቀልቶ ቅርፊት የሚያወጣበት በሽታ) የያዛችሁ ልጆች፣ በዚህ ንፋስና ደረቅ አየር ቆዳችሁ እንዳይሰነጣጠቅ ሻወር ለብ ባለ ውሃ ውሰዱና በፎጣ ሳትፈትጉ ጫን ጫን አድርጋችሁ ገና እርጥብ እያለ ሽታ የሌለው ቫዝሊን ደህና አድርጋችሁ ተቀቡ፣ ለውጡ ይታያል። ቅርፊቱን በጥፍር አትላጡት በናታችሁ፣ የተጫረ ቦታ ላይ አዲስ ሊወጣ ይችላል። ጠንካራ ስቴሮይድ (የቆዳ መቅላትና ማሳከክ የሚያስታግስ መድኃኒት) ያለበት ቅባት ደግሞ ራሳችሁ ከፋርማሲ እየገዛችሁ ለወራት አትቀቡ፣ ቆዳ ያሳሳል፣ ድንገት ሲቆም ደሞ ብሶ ሊመለስ ይችላል፣ የቆዳ ሐኪም ይወስንላችሁ። ጠዋት ስትነሱ መገጣጠሚያ አልታዘዝ ካላችሁ ወይ ጣት ካበጠ ቶሎ ንገሩት፣ በሽታው መገጣጠሚያም ይነካል። ቤተሰብም ስሙ፣ ተላላፊ አይደለም፣ የራስ ሰውነት መከላከያ ነው የቆዳውን እድገት የሚያጣድፈው፣ አብሮ መብላትም መጨባበጥም ምንም አያመጣም።