ታካሚው ከመተኛቱ 89 ቀን በፊት ከወጣ (ለጤና ባለሙያ የዳታ ችግርና መፍትሄ)

ባለፈው ከስራ በኋላ አራት ኪሎ አንድ ካፌ ቁጭ ብለን አብራን የምትሰራ ሲስተር ላፕቶፗን ከፍታ "ወንድሜ እስቲ ይሄን እይልኝ፣ ስታቲስቲክስ ለኔ አልተፈጠረም መሰለኝ" አለችኝ። ለማስተርስ ፅሁፏ የተኙ ታካሚዎች ስንት ቀን እንደቆዩ እያሰላች ነው፣ አንዱ ሰውዬ ግን የቆየው ኔጌቲቭ 89 ቀን ይላል። ማኪያቶው እስኪበርድ ሳቅን። እኔ ካርድ ክፍልና ሪፖርት ላይ ስለምውል እንደዚ አይነቱን በየሳምንቱ ነው የማየው፣ አብዛኛው ሰው ስታቲስቲክስ ከበደኝ የሚለው ገና ስታቲስቲክሱ ጋ ሳይደርስ ነው።

ቀኑ ተዘበራረቀ፣ ቆይታ ወይም እድሜ ኔጌቲቭ ወጣ

ምልክቱን ለማየት ፎርሙላ አያስፈልግም፣ የቀኑን ኮለም ብቻ እዩት። ግማሹ ወደ ግራ ግማሹ ወደ ቀኝ ከተጠጋ አለቀ በቃ። ኤክሴል ቀን ነው ብሎ ያመነበትን ወደ ቀኝ ያስጠጋዋል፣ ያልገባውን እንደ ፅሁፍ ግራ ላይ ይተወዋል።

ምክንያቱ ምን መሰላችሁ፣ የብዙዎቻችን ኮምፒውተር ሴቲንግ የአሜሪካ ነው፣ ወር ይቀድማል ቀን ይከተላል። እኛ ካርዱ ላይ እንዳለው ጥቅምት 5ን 05/02/2016 ብለን እንፅፋለን፣ እሱ ሜይ 2 ብሎ ይወስደዋል። 14/02/2016 ስንለው ደሞ 14ኛ ወር ስለማያውቅ ግራ ላይ ይጥለዋል። ሰውየው ጥቅምት 5 ተኝቶ ህዳር 2 (02/03/2016) ነው የወጣው፣ 27 ቀን፣ ኤክሴሉ ግን ሜይ 2 ተኝቶ ፌብሯሪ 3 ወጣ ብሎ ኔጌቲቭ 89 አስቆጠረው። ከሁሉ የሚያናድደው ግን ጳጉሜ ነው፣ ጳጉሜ 3ን 03/13/2016 ብላችሁ ስታስገቡ ምንም ሳይል ማርች 13 አርጎት ያልፋል፣ ቀኝ ስለሚሰለፍ አይናችሁም አይዘውም።

"ሴቲንጉን ቀን እንዲቀድም ልቀይረዋ" ትሉኝ ይሆናል፣ አይበቃም፣ ጥቅምት 30ን 30/02/2016 ብላችሁ ስታስገቡ ፌብሯሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ ያው ግራ ይቀራል። እኔ የማረገው ቀን ወር ዓመትን ሶስት የተለያየ ኮለም ላይ እንደ ተራ ቁጥር ማስገባት ነው። ከዛ ዓመቱን በ365 አባዙ፣ ዓመቱን ለ4 አካፍላችሁ ከነጥብ በኋላ ያለውን ጣሉና ደምሩ፣ ወሩን በ30 አባዝታችሁ ደምሩ፣ በመጨረሻ ቀኑን ደምሩ። የተኛበትንም የወጣበትንም እንዲሁ አስልታችሁ መቀነስ ነው። ነሐሴ 28/2015 ተኝቶ መስከረም 3/2016 የወጣ ሰው 736366 እና 736377 ይሰጣችኋል፣ ልዩነቱ 11። በጣታችሁ ቁጠሩት፣ የ2015 ጳጉሜ 6 ቀን ስለነበረች ልክ 11 ነው። አስቀድሞ የገባውን ዳታ ግን ከመዝገቡ ጋር ማስተያየት ግድ ነው፣ አቋራጭ የለውም።

የእድሜውም ነገር ዘመዱ ነው። በኛ 1985 የተወለደን ሰው ከፈረንጅ 2024 ላይ ከቀነሳችሁት 39 ይሆናል፣ ሰውየው ግን ገና 31 ነው። ሁለቱንም በአንድ አቆጣጠር አርጉ።

አማካይ እድሜው አልታመን አለ

መጀመሪያ ማክሲመሙን (ትልቁን ቁጥር) እዩ። እድሜው ያልታወቀ ሰው ላይ 999 ወይ 99 ብሎ የሚሞላ አለ። አማካይ እድሜያቸው 31 የሆነ 48 ሰዎች ላይ ሁለት 999 ሲጨመር አማካዩ ወደ 70 ይዘላል፣ ይሄንስ ታዩታላችሁ። ተንኮለኛው 99 ነው፣ 33.7 ብቻ ስለሚያረገው ማንም ሳይጠረጥር ፅሁፉ ውስጥ ይገባል። ኤስፒኤስኤስ (የስታቲስቲክስ ሶፍትዌሩ) ላይ ሚሲንግ በሚለው ኮለም ቁጥሩን አስመዝግቡት፣ ኤክሴል ላይ ባዶ ተዉት። ዜሮ እንዳትሞሉ ብቻ አደራ፣ ዜሮ አራስ ልጅ ነው።

"በአማካይ 10 ቀን ይተኛሉ" ስትሉ ነርሶቹ ሳቁባችሁ

ይሄ ዳታው ትክክል ሆኖም ይመጣል። ሰባት ሰዎች 2፣ 2፣ 3፣ 3፣ 4፣ 5 እና 51 ቀን ተኙ እንበል። ድምሩ 70፣ አማካዩ 10፣ ግን 10 ቀን አካባቢ የተኛ አንድም ሰው የለም፣ የጭን አጥንቱ ተሰብሮ ትራክሽን ላይ የከረመው ሰውዬ ነው ሁሉንም የጎተተው። ሚዲያን ተጠቀሙ፣ ከትንሽ ወደ ትልቅ ስትደረድሯቸው መሃል ላይ ያለው ማለት ነው፣ እዚህ 3 ነው፣ ዋርዱ የሚያውቀውም እሱን ነው። ሰውየውን ግን እንዳትሰርዙት፣ ስህተት ሳይሆን ታካሚ ነው። ቆይታ፣ የህክምና ወጪ፣ ወረፋ የተጠበቀበት ሰዓት፣ እነዚህ ሁሌም ማለት ይቻላል ጅራታቸው ወደ ቀኝ የረዘመ ነው (ጥቂት ሰዎች ከሌላው በጣም የራቀ ትልቅ ቁጥር አላቸው)፣ ሂስቶግራም (የቁጥሮቹን ስርጭት በባር የሚያሳይ ስዕል) ሳትስሉ አማካይ አትፃፉ።

መስከረም ላይ ኬዝ ድንገት ጨመረ

አንዴ እኔ ራሴ በዚህ ተሸውጃለሁ፣ ስብሰባ ላይ ሳይቀር "ጭማሪ አለ" ብዬ አውርቻለሁ (ስሙን የማልጠራው ቦታ ስሰራ ነው)። ሪፖርታችሁ ከወር 21 እስከ ቀጣዩ ወር 20 የሚዘጋ ከሆነ የመስከረሙ ከነሐሴ 21 ጀምሮ ጳጉሜን ውጦ ነው የሚመጣው፣ 35 ቀን፣ አንዳንዴ 36። በወር 300 የነበረው 350 ሲሆን 17 ፐርሰንት ጨመረ ያስብላል፣ ለቀን ስታካፍሉት ግን ያው 10 ነው። ሁለት ጤና ጣቢያ ስታወዳድሩም መጀመሪያ ለስንት ሰው እንደሚያገለግሉ ጠይቁ፣ ብዙ ኬዝ ያለው ብዙ ህዝብ ስላለው ሊሆን ይችላል።

ፒ ቫልዩው 0.000 ወጣ

ፒ ቫልዩ በእውነት ልዩነት ባይኖር እንዲህ ያለ ውጤት በአጋጣሚ የመታየት ዕድል ነው። ዜሮ አይደለም፣ ኤስፒኤስኤስ ከነጥብ በኋላ ሶስት ዲጂት ላይ ስለሚያቆም ነው፣ ከ0.001 በታች ብላችሁ ፃፉት። 0.03 ወጣ ማለትም ሃሳባችሁ 97 ፐርሰንት እውነት ነው ማለት አይደለም፣ በእውነት ልዩነት ባይኖር እንዲህ ያለ ወይም የባሰ ልዩነት በአጋጣሚ የሚታየው በ100 ውስጥ 3 ጊዜ ያህል ነው ማለት ነው። በዛ ላይ 20 ነገር ከ20 ነገር ጋር እያነካካችሁ አንዱ ኮከብ (ከ0.05 በታች ነው የሚል ምልክት) ስላወጣ ደስ አይበላችሁ፣ ምንም ነገር ባይኖር እንኳ ከ20 ቴስት አንዱ ከ0.05 በታች እንደሚወጣ ይጠበቃል።

ሲስተሯ ሰኞ ካርድ ክፍል ወርዳ መዝገቡን ከላፕቶፗ ጋር አንድ በአንድ ስታስተያይ ዋለች፣ ማታ "ሶስት ጳጉሜ አገኘሁ" ብላ ቴክስት አረገችልኝ።