ወፍ ለማየት ዝዋይ ስትመጡ

«መቼ ልምጣ?» ለሚለኝ ሁሉ መልሴ ጥያቄ ነው፤ «ስንት ጊዜ መምጣት ትችላለህ?» ዝዋይ ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከተቻለ በዓመት ሦስቴ ኑ፤ የመስከረሙ ሐይቅና የመጋቢቱ አንድ አይደሉም።

መጀመሪያ ስለ ብርሃኑ። ከተማችን ከሐይቁ በስተምዕራብ ናት። ጠዋት ፀሐይዋ ከውሃው ማዶ ስለምትወጣ ዓይናችሁ ውስጥ ትገባለች፤ ዳክዬው ሁሉ ጥቁር ጥላ ይሆንባችኋል። ስለዚህ ጠዋት ዓሣ አስጋሪዎቹ ጋ እንሄዳለን። እዚያ መነጽር እንኳ አያስፈልግም። ቆሮሶው ተከፍቶ አንጀቱ ሲጣል አባ ኮዳውና ፔሊካኑ ሰው እግር ስር ይሻሙበታል። ውሃው ላይ ራቅ ያሉትን ከ10 ሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ከጀርባችን ስትሆን እናያቸዋለን።

መስከረምና ጥቅምት ከሰሜን የሚመጡ ስደተኛ ወፎች የሚገቡባቸው ወራት ናቸው። ንስርና ጭልፊት ረጅም መንገድ የሚሄዱት ከመሬት በሚነሳ ሞቃት አየር ላይ ተንሳፈው ነው። ሰፊ ባሕር ላይ ያ አየር የለም። ለዚህ ነው ብዙዎቹ ከየመን ወደ ጅቡቲ በጠባቡ ባብ ኤል መንደብ የሚሻገሩት። እናንተም መሬቱ ሲሞቅ፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ፣ ቀና ብላችሁ ሰማዩን እዩ።

በጥርና በየካቲት ደግሞ ከብቶቹን እዩ። ላሟ እግሯን ባነሳች ቁጥር ከሣሩ ትንኝ ይነሳል። ሆዷ ቢጫ የሆነች፣ ጭራዋን ሽቅብ ቁልቁል የምትወዘውዝ ትንሽ ወፍ ሰኮናው አጠገብ ሮጣ ትለቅመዋለች። አንዷን መርጣችሁ አሥር ደቂቃ ተከተሏት። የካቲት ሲያልቅ የወንዶቹ ቢጫ ይደምቃል። ያኔ የጭንቅላታቸውን ቀለም አወዳድሩ። ጭንቅላቱ ድፍን ጥቁር የሆነው የሚራባው በባልካንና በቱርክ በኩል ነው፤ ጠቆር ያለ ግራጫው የስካንዲኔቪያ ነው። ሁለቱም የአንድ ላም እግር ስር!

መጋቢት ላይ ጭቃው ዳር ያሉትን ረፎች፣ ማለትም ከጭቃ የሚለቅሙትን ባለ ረጅም እግር ስደተኛ ወፎች፣ አትለፏቸው። በጋውን ሙሉ ቡናማ ሆነው ከርመዋል። አሁን አንዳንዱ ወንድ አንገቱ ላይ ጠቆር ያለ ላባ ጣል ጣል ያደርጋል። የሰርግ ልብሱን እዚህ ይጀምረውና ሰሜን ደርሶ ይጨርሰዋል።

እዚህ ላይ አንድ አደራ አለኝ። ሥራውን ስጀምር ፎቶ አንሺዎች የሚበር መንጋ ሲፈልጉ አጨበጭብላቸው ነበር። አንድ ጠዋት ያንኑ መንጋ ሦስት ጊዜ አስነሳሁት። በሦስተኛው ማዶ ተሻገረና ሳይመለስ ቀረ። ለሺህ ኪሎ ሜትሮች ጉዞ ስብ የሚያጠራቅሙት ከዚያው ጭቃ ነው፤ እኔ ከማዕዳቸው ላይ አስነሳኋቸው። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ወፎቹ መልቀም ትተው አንገታቸውን ካቀኑ በጣም ቀርባችኋል ማለት ነው። ቀስ ብላችሁ ወደኋላ በሉና ተቀመጡ። ተመልሰው ሲያጎነብሱ ርቀቱ ልክ ሆነ።

ክረምት ላይ የሚመጣ እንግዳ ጥቂት ነው። እኔ ግን ነሐሴን እወዳለሁ። ሰው ሲጠፋብን «የመስቀል ወፍ ሆንክ» እንላለን አይደል? ብዙ ሰው በዚህ ስም ከሚጠራቸው ወፎች አንዱ በነሐሴ እዚህ የማሳያችሁ ቀዩ ወፍ ነው፤ እሱ ደግሞ የትም አልሄደም። በበጋ እንደ ድንቢጥ ቡናማ ሆኖ ከሴቶቹ ጋር ማሳ ለማሳ ሲለቅም ነው የሚከርመው። ዝናቡ ሲገባ ወንዱ ቀይና ጥቁር ይለብሳል። ቦቲ ጫማ አድርጋችሁ ፊላው ዳር ቁሙ። ውስጥ ግን አትግቡ፤ ጉማሬ አለ። ላባውን ንፍት አድርጎ እንደ ጢንዚዛ ከአንዱ አገዳ ወደ ሌላው ሲበር ታዩታላችሁ።

የቆማችሁበትን ቦታ ያዙት። በጥር ስትመለሱ እዚያው ወስጄ ቡናማውን አሳያችኋለሁ።