«በቃኝ» ማለትን ሳይለምዱ የሚያድጉ ልጆች

«ሲበዛ ማርም ይመራል» ሳይባል ያደገ ልጅ እስካሁን አላጋጠመኝም። በተማሪዎች ማደሪያ ወጣቶችን ማማከር ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል፤ ተረቱን ሁሉም ያውቁታል። በራሳቸው አንደበት «በቃኝ» ብለው ግን አያውቁም፤ ሁልጊዜ «በቃህ»፣ «በቃሽ» የሚላቸው ሌላ ሰው ነበር። ቀጥሎ የምዘረዝራቸው ስህተቶች የወላጆችና የወጣቶቹ ናቸው፤ አንዱ ግን የራሴ ነው።

ሁሉንም ነገር ለልጁ መወሰን

በዚህ ላይ ብቆጣ አይፈረድብኝም። የመኝታውን ሰዓት እናት ትወስናለች፤ ስልኩን አባት ቆልፎ ያስቀምጣል፤ ገንዘቡም፣ ጓደኛውም፣ የጥናት ሰዓቱም በሌላ ሰው እጅ ነው። እንዲህ ሆኖ 18 ዓመት ይሞላውና ሻንጣውን አንጠልጥሎ እኛ ዘንድ ይመጣል። ሁለት ወር ሳይሞላ «ልጃችንን ምን አደረጋችሁብን?» ተብዬ እጠየቃለሁ! ምንም አላደረግነውም። ለ18 ዓመት የታሰረ በር ነው የተከፈተው።

ኮምፒውተሩ ላይ አንድም ጨዋታ እንዲጫን ያልተፈቀደለት ልጅ ነበር። በመጣ በሦስተኛው ሳምንት፣ ሊነጋ ሲል፣ ዓይኑ ቀልቶ ጨዋታው ላይ እንዳፈጠጠ አገኘሁት። «ለምን አትተኛም?» ስለው «ማን ያስቆመኛል?» አለኝ። እብሪት መስሎኝ ገሠጽኩት። ቆይቶ ሲገባኝ፣ የምሩን ነበር የጠየቀኝ።

ተመራማሪዎቹ ጄኒፈር ፊሸርና ሊያን በርች እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት፣ ትንንሽ ልጆች ከፊታቸው የተቀመጠ ምግብ ሲከለከል ስለ እርሱ ማውራታቸውና ሊያገኙት መሞከራቸው ጨምሮ ተገኝቷል። ክልከላው ምኞቱን አላበረደውም።

ታዲያ ልጓሙ ይፈታ ማለቴ አይደለም። ስህተቱ ትንሽ ዋጋ በሚያስከፍልበት ዕድሜ ትንንሽ ውሳኔዎችን ስጡት። የ10 ዓመት ልጅ የሳምንቱን የኪስ ገንዘብ በአንድ ቀን ቢጨርስ፣ የቀሩትን ስድስት ቀናት ባዶ ኪሱን ይዳብስ። አዝናችሁ በሦስተኛው ቀን ከጨመራችሁለት፣ ያስተማራችሁት ገንዘብ እንደማያልቅ ነው።

የምንወደውን ብዛት «ጉብዝና» ማለት

ለከት የሌለው ጨዋታ ያስቆጣል፤ ለከት የሌለው ጥናት ያስመሰግናል። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ምክር፣ ከ13 እስከ 18 ዓመት ያሉ ወጣቶች በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት አለባቸው። አራት ሰዓት ብቻ ተኝታ የምታጠና ልጁን በኩራት ያስተዋወቀኝ አባት አለ። በፈተናው ቀን ልጅቷ ጥያቄውን ደጋግማ ብታነብም ሊገባት አልቻለም፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ስሟ ብቻ ነበር። ጨዋታ ላይ ያደረችው ልጅ ብትሆን ኖሮ አስቀድመን እንጠራት ነበር።

ሚዛንን እንደ እኩል ማካፈል መቁጠር

ለጥናት ሁለት ሰዓት፣ ለስፖርት ሁለት ሰዓት፣ ለጓደኛ ሁለት ሰዓት እያሉ በማስመሪያ የተሰመረ ሠንጠረዥ የሚያመጡልኝ ተማሪዎች አሉ። እወዳቸዋለሁ፤ ሠንጠረዡ ግን ከአንድ ሳምንት አያልፍም። የፈተና ሰሞን ወደ አንድ ወገን ያጋድላል፤ ያጋድል። እኔ የምጠይቃቸው ከፈተናው በኋላ መቼ እንደሚመለሱ ብቻ ነው።

አንድ ቀን ስለተሳሳቱ ሁሉንም መጣል

«ትናንት ስላበላሸሁት ሳምንቱ አለቀ» ይሉኛል። ሳምንቱ አላለቀም፤ ገና ማክሰኞ ነው።

የማያደርጉትን መስበክ

ይህኛው የእኔ ነው። አንዲት ተማሪ ስለ ዕረፍት የሰጠኋትን ረጅም ምክር በትዕግሥት ሰምታ ስታበቃ፣ «የቀጠሮውን መልእክት የላኩልኝ እኮ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ነው» አለችኝ። የምመልሰው አጣሁ። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ የሥራ ስልኬን ቢሮ ትቼ እሄዳለሁ። ባለፈው ሳምንት ግን ሁለት ጊዜ ከመንገድ ተመልሼ ወስጄዋለሁ።